ከሁሉም ዝቅ ያለው መስመር

እህቴ በፋብሪካው ካሉት ሴቶች ሁሉ ረጅሟ ነበረች። ጠመኔውን ተቀብላ በብረት ምሰሶው ላይ ከሁሉም ዝቅ ያለውን መስመር ስታሰምር ታዲያ የሙሌት ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። አጭርና ድቡልቡል ስለሆነ ቡሽ የምንለው የከሰዓት ፈረቃ ኦፕሬተር ከሁሉም ጮክ ብሎ፣ «ምነው እትዬ፣ ተጋድመሽ ልትሠሪ አሰብሽ እንዴ? ፍራሽ እናንጥፍልሽ?» አላት። እሷም ሳቀች። ጠመኔውን ለኤሌክትሪሻኑ መልሳ እጇን በቱታዋ ጠረገችና ወደ ዳር ወጥታ ቆመች። እኔም ስቄ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ዓመት ሳትደፍን ቀበርናት። አሁን ያንን ሰዓት ሳስብ ከዚያ ሁሉ ሰው ሳቅ ተለይቶ ጆሮዬ ላይ የሚቀረው የእሷ ነው።

የምንኖረው ሦስት ሆነን ነበር፤ አባታችን፣ እሷና እኔ። ቤታችን ሁለት ክፍልና አንድ ጠባብ ግቢ ነው። የፊተኛው ክፍል አባዬ የሚተኛበት፣ የምንበላበትና እንግዳ የምናስቀምጥበት ነው፤ ጓዳው የእኔና የእሷ ነበር። አባዬ አናጢ ነበር። ጉልበቱ ሲከዳው ሥራውን ተወና ከበር አጠገብ ተቀምጦ ሬዲዮ ማዳመጥ፣ አልፎ አልፎም የጎረቤት ወንበር መጠገን ያዘ። እኛን በስም አይጠራንም፤ «ትልቋ» እና «ትንሿ» ነው የሚለን። እናታችን የሞተችው እኔ ገና ልጅ ሳለሁ ነው። የሞተችበት ሕመም በቤታችን ስሙ አይጠራም። አባዬ «ያ ነገር» ይላል፣ እህቴ «ያኔ» ትል ነበር፣ እኔ ዝም እላለሁ። ያስታመመቻት እህቴ ናት። እኔን ጎረቤት ወስደው ሲያሳድሩኝ፣ ቤት ቀርታ ቁስሏን የምታጥበው እሷ ነበረች። ስለዚህ ከሦስታችን ስለ ሕመም አብልጣ የምታውቀው እሷ ሆና፣ ስለ ሕመም አንዲት ቃል የማትተነፍሰውም እሷው ነበረች።

የዚያን ዕለት ጎህ ሲቀድ ቀሰቀሰችኝና የአልጋው ጠርዝ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። «ጸጉሬን አሲዢልኝ» አለች። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ጸጉሯን የማሲዝላት እኔ ነበርኩ። «ራሴ ስይዘው ከሰዓት ሳይሆን ይፈታብኛል» ብላኝ ነበር፤ ጸጉሯ ብዙና ከባድ ስለሆነ አላጠራጠረኝም። ስንወጣ አባዬ ዳቦ ቆርሶ ሻይ ቀድቶ ጠበቀን። ዳቦውን ብርሃን ላይ አንሥቶ አገላብጦ አየውና «ዋጋው ያው ነው ይላሉ፤ እሱ ራሱ ነው የከሳው» አለ። እህቴ ፈገግ አለች። ድርሻዋን ግማሹን ብቻ በልታ የቀረውን ወደ እኔ ገፋችው። አባዬ የተገፋውን ዳቦ አየ፣ ከዚያ እሷን አየ፣ ከዚያ ሻዩን መጠጣት ቀጠለ።

አውቶቡሱ እንደወትሮው ጢም ብሎ ነበር። አንዲት የሰፈራችን ሴት ዘምቢሏን እግሯ መሃል አድርጋ ቲማቲም ስንት እንደገባ ለማያውቃት ሰው ሁሉ ትናገራለች። «አሁንማ ቲማቲም ለፎቶ ብቻ ነው የሚገዛው» ስትል ሹፌሩ ሳይቀር ሳቀ። እኔ የላይኛውን ብረት ይዣለሁ። እህቴ ከእኔ በክንድ የምትረዝም ሆና ሳለ ብረቱን ትታ ወንበር ላይ ተደግፋ ነው የቆመችው። ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ከፊቷ የነበረ ጎልማሳ ደረት ላይ ወደቀች። «ይቅርታ ወንድሜ፣ አልያዝኩም ነበር» አለችው። «ኧረ ምን ችግር አለው፣ ዛሬ ሌላ የሚያቅፈኝም የለ» አላት። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሷም በሻርፗ አፏን ይዛ ሳቀች። ፊቷ ግን ላብ አውጥቶ ነበር።

የምንሠራው ውሃና ጭማቂ በጠርሙስ የሚያሽግ ፋብሪካ ውስጥ ነው። የእኔ ሥራ ነጭ መብራት ፊት ተቀምጬ የሚያልፉትን ጠርሙሶች ማየት ነው፤ የተሰነጠቀ ወይም ጉድፍ የገባበት ካለ ለቅሜ አወጣለሁ። እህቴ የሙሌት ማሽኑ የጠዋት ኦፕሬተር ነበረች። ፍጥነቱን፣ የውሃውን ልክ፣ የክዳኑን ጥብቀት የምታዘው እሷ ነበረች፤ አንድ ጠርሙስ ሲወድቅ ጠርሙሶቹን የሚያጓጉዘውን ሰንሰለት የምታቆመውም እሷ። እስከዚያ ቀን ድረስ የማሽኑ ማዘዣ እንደ ተማሪ ዴስክ ዘመም ያለ የብረት ጠረጴዛ ነበር። ወገብ ላይ ይደርሳል፤ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቁልፎች ተደርድረውበታል። ኦፕሬተሩ ክርኑን አስደግፎ በጣቶቹ ብቻ ይሠራል። ጠረጴዛው ግን አርጅቶ ነበር። አንዱ ቁልፍ ሲጫኑት ይሰማል፣ ሌላው እንደ ደንቆሮ ሁለት ሦስት ጊዜ ካልመቱት አይሰማም። በእሱ ፈንታ በጣት የሚነካ ትልቅ ስክሪን ተገዛ። ሰንሰለቱ ስለሚሰፋ ጠረጴዛው ከነቦታው ይነሣል፤ ስክሪኑ ከማሽኑ ጎን ባለው የብረት ምሰሶ ላይ ይሰቀላል ተባለ። በምን ያህል ከፍታ እንደሚሰቀል ግን ኤሌክትሪሻኑ ካርቶኑን ከፍቶ እስኪጠይቅ ድረስ ማንም አላሰበበትም ነበር።

ኤሌክትሪሻኑ ከውጭ የመጣ፣ ጸጉሩ የሸበተ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ፎርማናችንን ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ሻምበል እንለዋለን፤ የጦር ሰፈር ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ሻምበል «ሰው ቆሞ በሚያየው ልክ ስቀለው፣ ምን ያጠያይቃል?» አለው። ኤሌክትሪሻኑ ራሱን ነቀነቀ። «የሚታይ ብቻ ቢሆን ልክ ነህ። ይኼ ግን ቀኑን ሙሉ የሚነካ ነው። የግድግዳ ሰዓት አይደለም። ደግሞ ምሰሶው ውስጥ ገመድ ስላለ እንደፈለግሁ አልበሳውም፤ አንዴ ከበሳሁ በኋላ አንሣው አውርደው ብትሉኝ እምቢ ነው የምለው። ስለዚህ አሁን ተጣሉና ጨርሱ» አለ። ከዚያ ከኪሱ ጠመኔ አውጥቶ ሦስቱም የፈረቃ ኦፕሬተሮች ለሥራ የሚመቻቸውን ከፍታ እንዲያሰምሩ ሰጣቸው። ቡሽ ለዚሁ ሲባል ማልዶ መጥቷል። የሌሊት ኦፕሬተሯም ሴትዮ ከፈረቃዋ ወጥታ ቤቷ ሳትሄድ ግድግዳ ተደግፋ ታንቀላፋለች።

መጀመሪያ ሻምበል ማንም ሳይጠይቀው ዓይኑ ትክክል አሰመረ። ቀጥሎ ቡሽ ወጣና ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ ከሻምበል መስመር ብዙም ያልራቀ መስመር ጫረ፤ ተረከዙ ከመሬት ተነሥቶ እንደነበር ከመብራቴ ፊት ሆኜ አይቻለሁ። የሌሊቷ ሴትዮ ዓይኗን በግማሽ ገልጣ ጡቷ ትክክል አንድ ጭረት አድርጋ ተመለሰች። ከዚያ እህቴ ዝቅተኛውን አሰመረች፤ የድሮው ጠረጴዛ ከነበረበት ጥቂት ከፍ ቢል ነው። ሰው ስቆ ሲጨርስ ኤሌክትሪሻኑ አራቱን መስመሮች ከላይ እስከ ታች አየና «እናንተ የቁመታችሁን ሳይሆን የምኞታችሁን ነው ያሰመራችሁት» አለ። ከዚያ ካርቶኑን በስክሪኑ ልክ በቢላ ቆረጠው፣ በእስክሪብቶ ቁልፎቹን ሣለበት፣ በፕላስተር የሻምበል መስመር ላይ ለጠፈው። «በሉ፣ እንደምትሠሩት ሥሩበት። ዝም ብላችሁ ጨዋታ አታስመስሉት።»

ቡሽ እየተሳሳቀ ጀመረ። ኤሌክትሪሻኑ «ፍጥነት ቀንስ፣ ጠርሙስ ወደቀ፣ አቁም፣ አስነሣ፣ ሙሌት ጨምር» እያለ ያዘዋል፣ እሱ ካርቶኑን ይነካል። ብዙም ሳይቆይ ሳቁ ጠፋ። እጁን በየመሃሉ እያወረደ ያራግፍ ጀመር። «ባዶ ካርቶን እንዲህ ካደከመኝ እውነተኛውማ ይገድለኛል» ሲል የሌሊቷ ሴትዮ እንኳ ሳቀች። ካርቶኑን እያወረዱ እየለጠፉ ሁሉንም ሞከሩ። የእህቴ ተራ ሲደርስ ካርቶኑ መሃል ላይ ነበር። ግራ እጇን ዘርግታ መንካት ጀመረች። ኤሌክትሪሻኑ «በቀኝሽ ሞክሪው እህቴ፤ ማሽኑ በግራሽ ስለሆነ ግራሽ ጠርሙሶቹን ይጋርድብሻል» አላት። «ግራዬ ይፈጥናል» አለችው። ያደግሁት አጠገቧ ነው። ግራኝ ሆና አታውቅም። ሻምበል ወደ ስልኩ አጎንብሶ ነበር፣ ቡሽ ክንዱን እያሻሸ ነበር፤ ያየናት እኔና ኤሌክትሪሻኑ ብቻ ነን። እሱ ካርቶኑን በጥንቃቄ ልጦ ወደ ዝቅተኛው መስመር አወረደውና «አሁን ሞክሪው» አላት። እዚያ ላይ ቀኝ እጇ ሠራ። ክርኗን ጎኗ ላይ እንዳስደገፈች ጣቶቿ እንደ ድሮው ፈጥነው ነኩ፣ ፊቷም ፈታ አለ።

ለሻይ ስንወጣ ባዶ ሣጥኖች የሚደረደሩበት ጥላ ውስጥ ተቀመጥኩ። ኤሌክትሪሻኑ ብርጭቆውን ይዞ መጣና አንድ ሣጥን ገልብጦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«እህትሽ ናት አሉኝ።»

«አዎ ጋሼ፣ ታላቄ ናት።»

«ቀኝ ክንዷን ምን ሆና ነው?»

«ምንም አልሆነችም» አልኩት።

«አይደለም» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የእኔ ሥራ ሰው እጁን እንዴት እንደሚያነሣ ማየት ነው። ግራኝ ሰው ግራውን ሲዘረጋ ቀኙ ዘና ብሎ ይንጠለጠላል። የሷ ተጣብቋል። ብብቱ ውስጥ እንቁላል ይዞ እንዳይሰበርበት የሚሠጋ ሰው ትመስላለች። ሐኪም አይቷታል?»

ብርጭቆው እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ጸጉሯ ትዝ አለኝ። አውቶቡሱ ትዝ አለኝ። ማታ ማታ መብራት ካልጠፋ ልብሷን እንደማትቀይር፣ በግራ ጎኗ ብቻ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ እንደምትተኛ፣ ባለፈው ሳቅፋት ቀስ ብላ ከደረቴ ራቅ እንዳለች ትዝ አለኝ። እናቴን የማስታውሳት በአንድ መልኳ ብቻ ነው፤ ያበጠ ቀኝ ክንዷን ትራስ ላይ አስቀምጣ፣ ከሰውነቷ ያልሆነ ዕቃ ይመስል እያየችው። «አላውቅም» አልኩት ኤሌክትሪሻኑን። እሱም «እንግዲህ ስክሪኑን ዝቅ ላስደርገው እሞክራለሁ። ሌላው የእናንተ ነው» ብሎ የቀረውን ሻይ መሬት ላይ ደፍቶ ተነሣ።

ከሻይ በኋላ ሁሉም ምሰሶው ሥር ተሰበሰበ። ኤሌክትሪሻኑ ሐሳቡን ተናገረ፤ ስክሪኑ ዝቅተኛው መስመር ላይ ይሰቀል፣ ፊቱ ወደ ላይ ጥቂት ጋደም ይበል፣ ረጅሙም አጭሩም ቁልቁል እያየ ክንዱን ሳያነሣ ይሠራበታል። ሻምበል እጁን ወገቡ ላይ አደረገ። «ወለሉን ማን በምን እንደሚያጥብ ታውቃለህ? ፈረቃ ባለቀ ቁጥር በጎማ ነው። ውሃው እስከዚህ ይረጫል» ብሎ ጉልበቱንም ሆዱንም አሳየ። «ክዳን እሠራለታለሁ፤ ሲታጠብ ይዘጋል» አለው ኤሌክትሪሻኑ። «ሲረሱትስ? ስክሪኑ ሲቃጠል የሚጠየቀው ክዳኑ ነው ወይስ እኔ?» ቡሽ ጣልቃ ገብቶ «እኔ ዝቅ ቢል አይከፋኝም፤ ክንዴ ከአሁኑ ሞቷል» ሲል ሻምበል ዞር አለበት፣ «አንተ ደግሞ ዝም በል፣ ቅድም ከደመና ጋር ነበር ያሰመርከው።» የሌሊቷ ሴትዮ «የፈለጋችሁት ላይ ስቀሉትና ልሂድ ልተኛ» አለች።

ሻምበል ክፉ ሰው አይደለም። እየቆየ ሲሄድ ትከሻው ረገብ አለ። «ስሙኝ» አለን። «ሥራ አስኪያጁ ነገ እንግዶች ይዞ ይመጣል። ስክሪኑን ወገብ ላይ ሲያገኘው ለምን ይለኛል። ምን ልበለው? ረጅሟ ኦፕሬተር ዝቅ ይበልልኝ አለች ልበል? አንድ በቂ ምክንያት ስጡኝ። አንድ ብቻ። እኔው ራሴ ይዤላችሁ እሄዳለሁ፣ ክዳኑንም ራሴ እየዞርኩ እዘጋለሁ።» ኤሌክትሪሻኑ እህቴን አያት። አስተያየቱ አያስገድድም፤ በር ከፍቶ እንደሚጠብቅ ሰው ነበር የሚያያት። ምክንያቱ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ያቺን ብትናገር ስክሪኑ ይወርድላታል። ግን ያቺኑ ብትናገር ያኑ ዕለት ወደ ፋብሪካው ክሊኒክ እንደሚልኳት፣ ለአዲሱ ስክሪን የሚሰጠው ሥልጠና እንደሚያመልጣት፣ ቦታዋን ሌላ ሰው እንደሚይዘው ታውቃለች። ከሁሉም በላይ ግን ያቺ ዓረፍተ ነገር አንዴ ከአፏ ከወጣች አባዬ ጆሮ ሳትደርስ አታድርም። እኔ አፌን ከፈትኩ። እህቴ ዞር ብላ አየችኝ። ቁጣ አይደለም፤ ሰው ቀስ ብሎ ትከሻህን እንደሚይዝህ ዓይነት አስተያየት ነው። አፌን ዘጋሁት።

«ምክንያት የለኝም ጋሼ» አለችው ሻምበልን። «ለወጉ ነው ያሰመርኩት። ከፍ አድርገው ይስቀሉት፣ ውሃ እንዳያገኘው።»

ከዚያ ወደ ምሰሶው ሄዳ መስመሯን በግራ እጅጌዋ ጠረገችው። ጠመኔው ብረቱ ላይ በደንብ ስላልጠፋ ጣቷን ምራቅ አስነክታ ደገመችው። ኤሌክትሪሻኑ አቀርቅሮ መሣሪያዎቹን ያስተካክል ጀመር። ሻምበል ባልጠበቀው ፍጥነት ስለተሸነፉለት ይመስለኛል፣ ደስ አላለውም። «እንግዲያው ትንሽ ከዓይን ዝቅ ይበል፣ እኔም ትንሽ ልቻል» አለና በራሱ ደረት ላይኛው ክፍል፣ በቡሽ አገጭ ትክክል፣ አዲስ መስመር ተሰመረ።

መሰርሰሪያው ሲጮህ ሁላችንም ጆሯችንን ያዝን። የብረት ብናኝ እንደ አመድ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ኤሌክትሪሻኑ ማቀፊያውን አሠረ፣ ውሃ ልኩን አስቀምጦ አረፋዋ መሃል እስክትቆም ጠበቀ፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቀ፣ ከዚያ ከቡሽ ጋር ስክሪኑን አንሥተው ሰቀሉት። ሲበራ ክፍሉ ውስጥ ሰማያዊ ብርሃን ፊታችን ላይ ወደቀ። ሰው አጨበጨበ። ሻምበል «እትዬ ታስጀምረው። ከሷ በፊት ማሽኑን የነካ የለ» አለ። ይህን ያለው ሊያከብራት ነው። እህቴ ወደ ስክሪኑ ቀረበች። በግራ እጇ እጅጌዋን የምትሰበስብ አስመስላ የቀኝ ክርኗን ከሥር ያዘችው፣ ከዚያ በግራዋ እየገፋች ቀኟን ቀስ እያደረገች አነሣችው። ጣቷ አረንጓዴውን ነካ። ሰንሰለቱ ተንቀሳቀሰ፤ ጠርሙሶቹ እየተንኳኩ ወደ እኔ መብራት መምጣት ጀመሩ። እህቴ እጇን አላወረደችም። ከወረደ ድጋሚ እንደማይነሣ ታውቅ ነበር መሰለኝ፤ መዳፏን ከስክሪኑ ጠርዝ ላይ አንጠልጥላ፣ ግንባሯን ወደ ምሰሶው አስጠግታ፣ ፈረቃው እስኪያልቅ እንደዚያ ሠራች። ኤሌክትሪሻኑ ዕቃውን ሰብስቦ ሲወጣ አጠገቧ ቆም አለ። ማሽኑ ስለሚጮህ ምን እንዳላት አልሰማሁም። እሷ ራሷን ብቻ ነቀነቀችለት።

ከአውቶቡስ ወርደን ወደ ሰፈራችን የሚወስደውን ኮረኮንች ስንይዝ እጄን ግራ ክንዷ ውስጥ አስገባሁ። መንገዱ ዳር ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ አንዱ ሱቅ የጨመረውን የሳሙና ዋጋ በካርቶን ጽፎ አውጥቷል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እትዬ?» አልኳት።

«ማን ነገረሽ?»

«ኤሌክትሪሻኑ።»

«ሰውዬው ዓይን አለው» አለች። ጥቂት እንደሄድን «ከክረምቱ በፊት ነው። መጀመሪያ ብብቴ ሥር ሽምብራ የምታክል እብጠት ነበረች» አለችኝ።

«አሁንስ?»

ሻርፗን ደረቷ ላይ ሰብሰብ አደረገች። ነገውኑ ሐኪም ቤት እንሄዳለን አልኳት። ሥልጠናው ቅዳሜ ያልቃል፣ ሰኞ እሄዳለሁ አለች፤ ለምኜ፣ አልቅሼ፣ ተቆጥቼ ከሰኞ ንቅንቅ አላለችልኝም። «አባዬ እንዳይሰማ ብቻ» አለች። «እሱ አንዴ አይቷል። ሁለተኛ አይችለውም። ወለም ብሎኝ ነው እንለዋለን።» እውነት ነው፣ ሰኞ ሄድን። ሐኪሙ ገና ሲነካት እጁን ቶሎ መለሰና «እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» አላት። «ሥራ ላይ» አለችው። ያ ሌላ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት መጻፍ አልችልበትም።

በሩን ገፍተን ስንገባ ገና ብርሃን ነበር። አባዬ ግቢው መሃል በርጩማ ላይ ቆሟል፤ ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ፣ በአንድ እጁ ግድግዳውን ይዞ፣ በሌላው መዶሻ። የልብስ ማስጫው ገመድ ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ ከነበረበት ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ተነቅሏል። ሁለቱንም ጫፎች ከእኛ መምጣት በፊት ዝቅ አድርጎ፣ ደረት እንኳ በማይደርስ ቦታ ላይ በሚስማር መትቷቸዋል፤ አሁን ከላይ የቀረውን አሮጌ ሚስማር እየነቀለ ነው።

«አባዬ፣ ኧረ ትወድቃለህ። ምን ልትሠራ ነው?» አልኩት።

«ገመዱ ረገበ። ላጥብቀው ብዬ ነው።»

ገመዱ ረግቦ አያውቅም። «እዚህ ላይ ከሆነማ አንሶላው መሬት ይጠርጋል» አልኩ።

«አንሶላውን እጥፍ አድርጋችሁ ስቀሉት» አለ፣ ፊቱን ከግድግዳው ሳያዞር።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እህቴን ቀና ብዬ አየኋት። እሷ ገመዱን እያየች ነው፣ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገባች። ውሃው ሳፋው ውስጥ ሲወርድ፣ ከዚያ ልብስ ሲታሽ ሰማን። እኔ ግቢው ውስጥ፣ አባዬ በርጩማው ላይ ቆመን አንዳችን ሌላውን ሳናይ ጠበቅናት። ቱታዋን ጨምቃ ይዛ ወጣች። ወደ ገመዱ ሄደች፣ ቱታውን በቀኝ እጇ ያዘች፣ ክርኗን ከጎኗ ሳታነሣ ገመዱ ላይ ጣል አደረገችው፣ ትከሻውን አስተካከለች፣ መቆንጠጫዎቹን አንድ በአንድ አስያዘች። ክንዷ አልተንቀጠቀጠም።

«ልክ ነው አባዬ» አለች።

«ልክ ከሆነ ጥሩ» አለ።

ከበርጩማው እጇን ይዞ ወረደ። ከላይ የነቀላቸውን የጎበጡ ሚስማሮች ከኪሱ አወጣና ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በመዶሻው ያቀናቸው ጀመር። ቀጥ ካሉ በኋላም መምታቱን አላቆመም።